«እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን?» ከኮምቦልቻ ለተላከ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄውን የላከችው ኮምቦልቻ የምትኖር የ36 ዓመት ሴት ናት። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ ትንሽ የልብስ ሱቅ ነበረን። በ2014 ጦርነቱ ሲመጣ ልጆቻችንን ይዘን ሸሸን፤ ስንመለስ ሱቁ ባዶ ሆኖ ጠበቀን። ኮምቦልቻ ወርደን ከዜሮ ጀመርን። ከዚያ ባለቤቴን ኩላሊቱን አመመው። ሁለት ዓመት አስታመምኩት። ቢድንልኝ ግሸን ድረስ በእግሬ ልሄድ ተስዬ ነበር። ጥር ላይ አረፈ። ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፣ ዳዊትም እደግማለሁ፣ ግን ምንም አይሰማኝም። ከግድግዳ ጋር የማወራ ነው የሚመስለኝ። አንዷ ዘመዴ ‹ያልተናዘዝሽው ነገር ቢኖር ነው› አለችኝ። ሌሎቹ ‹እግዜር ከአቅም በላይ አይሰጥም› ይሉኛል። እንቅልፍ የሚባል የለኝም። እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን? ወይስ እምነቴ ነው የሞተው?»

አልተወሽም። እምነትሽም አልሞተም። የሞተ እምነት እንዲህ ያለ ጥያቄ ጽፎ አይልክም። ምክንያቱን ግን ከሥሩ ማየት አለብን፤ ምክንያቱም ዙሪያሽን ያሉ ሰዎች የነገሩሽ ነገር ግማሹ ስሕተት ነው።

ከዘመድሽ ልጀምር። መከራ ሁሉ የኃጢአት ክፍያ ነው የሚለው ሐሳብ አዲስ አይደለም። ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው ሲያዩ መጀመሪያ የጠየቁት ይህንኑ ነው፦ እርሱ ነው የበደለው ወይስ ወላጆቹ? ጌታ ሁለቱንም አይደለም አላቸው (ዮሐንስ 9)። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎችም በሉቃስ 13 ላይ ያስተማረው ተመሳሳይ ነው፤ ከሌላው ሰው የባሱ ኃጢአተኞች አልነበሩም። እኛ ወሎዎች ደግሞ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1966ም በ1977ም ረሃብ ያለቁት ሕፃናት ምን አድርገው ነበር? የኃጢአት ሂሳብ የሚያሰላ ሰው መጀመሪያ ለዚህ መልስ ያምጣ።

ኃጢአት መዘዝ የለውም ማለቴ አይደለም። ሰካራም ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል፣ ሌባም ይታሰራል። ግን ከመዘዙ ወደ ኋላ ተነሥቶ «ባልሽ የሞተው እንዲህ ስላደረግሽ ነው» ማለት ማንም ያልተሰጠው ሥልጣን ነው። ንስሐ መግባት ከፈለግሽ ግቢ፤ ሁላችንም ያስፈልገናል። ሞቱን ለማስረዳት ብለሽ ግን ያልሠራሽውን ኃጢአት አትፈልጊ።

ሁለተኛው «ከአቅም በላይ አይሰጥም» የሚለው ነው። በየልቅሶ ቤቱ የምንሰማው ይህ አባባል ከ1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13 የተቆነጠረ ነው። ጥቅሱ ያለበትን ምዕራፍ ከላይ ጀምረሽ አንብቢው። ጳውሎስ እዚያ የሚናገረው እስራኤል በምድረ በዳ ስለወደቁባቸው ነገሮች ነው፦ ስለ ጣዖት፣ ስለ ዝሙት፣ ስለ ማጉረምረም። ወደ ኃጢአት የሚጎትት ፈተና ሲመጣ መውጫው አብሮ እንዳለ ነው የሚያስተምረው። ሐዘን አቅምሽን አይበልጥም የሚል ቃል የለበትም። እንዲያውም ይኸው ጳውሎስ፣ ለዚችው ለቆሮንቶስ ከተማ በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ መጀመሪያ ላይ (1፥8) በእስያ የደረሰበት መከራ «ከዓቅማችን በላይ» እንደነበረ፣ በሕይወት ስለመቆየትም ተስፋ እንደቆረጠ በግልጽ ጽፏል። ሐዋርያ ነው እንዲህ ያለው። እናም ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ ብትዪ እምነት አጎደልሽ አያሰኝሽም። ሁለት ዓመት ሙሉ በሽተኛ ማገላበጥ፣ ልጅ ማሳደግ፣ ዕዳ መክፈል፣ በላዩ ላይ ሞት። ከአቅም በላይ ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋችንም ጣጣ አለበት። በአማርኛ የትምህርት ቤቱም ፈተና ፈተና ነው፣ የሰይጣኑም ፈተና ፈተና ነው፣ የሕይወት መከራም ፈተና ነው። ስለዚህ «እግዚአብሔር እየፈተነኝ ነው» ስንል ሳናስበው አምላካችንን ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ከፊታችን የተቀመጠ አስተማሪ እናደርገዋለን። አለቀስሽ፣ 5 ቀነስኩ። አጉረመረምሽ፣ 10 ቀነስኩ። ያዕቆብ በመጀመሪያው ምዕራፍ ሁለቱን ይለያቸዋል። በመከራ የተፈተነ እምነት ትዕግሥትን እንደሚያፈራ ይናገራል፤ ወዲያው ደግሞ እግዚአብሔር ማንንም በክፉ እንደማይፈትን ይጨምራል። ባለቤትሽ የአንቺ የፈተና ወረቀት አልነበረም። ሰው ነበር፤ ታመመ፣ ሞተ። እግዚአብሔር ከዚህ ሐዘን አንድ ነገር ሊያወጣ ይችላል። ያን ለማውጣት ብሎ ነው የገደለው ግን አንልም።

(እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከዓመታት በፊት ልጇ የሞተባትን አንዲት እናት «ለበጎ ነው» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ፊቷን አዞረች። ከዚያ ወዲህ ያንን ቃል ልቅሶ ቤት አልደገምኩትም።)

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። «ምንም አይሰማኝም» ትያለሽ። ከዚያ «ስለዚህ የለም» ወደሚል ትሄጃለሽ። በሁለቱ መካከል ገደል አለ።

እስቲ ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ። ቡና ይጣፍጥሻል? ትንሹ ልጅሽ ሲስቅ ልብሽ ውስጥ የሚነካ ነገር አለ? ድሮ የምትወጂው መዝሙር፣ የጎረቤት ሠርግ፣ አዲስ ልብስ፣ እነዚህስ ቀለም አላቸው? መልስሽ «የለም፣ ሁሉም ነገር አፈር አፈር ይላል» ከሆነ፣ የጠፋው እግዚአብሔር ብቻ አይደለም ማለት ነው። ሁሉም ስሜትሽ ነው የደነዘዘው። ረጅም ጊዜ በጭንቀት የኖረ ሰውነት እንዲህ ያደርጋል። ከ2014 ጀምሮ ሰውነትሽ አንዴ መሣሪያ ድምፅ፣ አንዴ የሆስፒታል ጥሪ ሲጠብቅ ኖሯል። እንቅልፍ የለሽም። የደከመ ሰውነት ሕመሙን ለመቻል ስሜትን ያደነዝዛል፤ ሲያደነዝዝ ደግሞ ሐዘኑን ብቻ መርጦ አያደነዝዝም፣ ደስታውንም ጸሎቱንም አብሮ ይወስዳል።

ሌላው ሁሉ ይጣፍጥሽና ጸሎት ላይ ብቻ የምትደርቂ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ሊሆን የሚችለው ቁጣ ነው። በእግዚአብሔር ተቆጥተሻል፣ ግን ክርስቲያን አይቆጣም ብለሽ ውጠሽዋል። ከተኳረፉት ሰው ጋር ሲያወሩ ወሬ አይጥምም አይደል? አፍ ይናገራል፣ ልብ ሌላ ቦታ ነው። ከደብዳቤሽ ስገምት ሁለቱም ያለብሽ ይመስለኛል፤ ድንዛዜው ያመዝናል፣ ስለ ግሸን የጻፍሽው መስመር ውስጥ ግን ቁጣ አለ።

ኤልያስን ተመልከቺ (1ኛ ነገሥት 19)። ያ ሁሉ እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ አንዲት ሴት ስትዝትበት ሸሽቶ ዛፍ ሥር ወደቀና ነፍሴን ውሰዳት አለ። እግዚአብሔር በዚያ ሰዓት አልሰበከለትም፣ እምነትህ የት ሄደ ብሎም አልገሠጸውም። መልአክ ላከለት፤ መልአኩ ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውኃ ሰጠው። ኤልያስ በልቶ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ እንደገና አበላው። ስለ ተልእኮው የተነጋገሩት ከዚያ በኋላ፣ 40 ቀን ተጉዞ ኮሬብ ሲደርስ ነው። የእግዚአብሔር መገኘት መጀመሪያ በእንቅልፍና በምግብ ነው የመጣለት። አንቺም ዘንድ ጎረቤት ሽሮ ይዛ ስትመጣ ምናልባት እርሱ እየመጣ ነው፣ አንቺ ግን ራእይ ትጠብቂያለሽ።

ደሴ ስላደግሽ ጉም ጦሳን ሲሸፍነው ተራራው አልሄደም የሚለውን ምሳሌ ሳትሰሚው አትቀሪም። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ለሐዘንተኛ ግን አይሞቅም። ተራራ ቃል አይገባም። የአንቺ ጥያቄ «ቃል የገባልኝ የት አለ?» የሚል ነው። ስለዚህ ቃሉ ራሱ ምን እንደሚል እንይ።

በኢሳይያስ 43 ላይ «በውኃ ውስጥ ባለፍህ ጊዜ ከአንተ ጋር እሆናለሁ» ይላል። ማለፉ ቀድሞ ታስቧል። ከውኃው ውጭ አስቀምጥሃለሁ የሚል የለም። ሠለስቱ ደቂቅንም፣ ንጉሡ እሳት ውስጥ የጣላቸውን ሦስቱን ወጣቶች፣ እንደዚሁ። ታኅሣሥ 19 ገብርኤልን ስናከብር ከእሳቱ መውጣታቸውን እናስታውሳለን፤ ወደ እሳቱ ከመጣላቸው በፊት ለንጉሡ የተናገሩትን ግን እንዘለዋለን። አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነን እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም አሉ። ያቺ «ባያድነን እንኳ» የምትለው ቃል ናት እምነታቸው። እሳቱም አስቀድሞ አልጠፋላቸውም፤ ሰባት እጥፍ ነደደ። አራተኛው የታየው እሳቱ ውስጥ ነው።

ዳዊት የምትደግሚ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልጠቁምሽ። መዝሙር 22ን (በሌላው አቆጣጠር 23) ቀስ ብለሽ አንብቢው። ሲጀምር ዳዊት ስለ እግዚአብሔር ለሌላ ሰው ነው የሚያወራው፤ እርሱ እረኛዬ ነው፣ እርሱ ወደ ዕረፍት ውኃ ይመራኛል እያለ። የሞት ጥላ መካከል ሲገባ አነጋገሩ ይለወጣል። «አንተ ከእኔ ጋር ነህና» ይላል። በለምለሙ መስክ «እርሱ» የነበረው በሞት ጥላ ውስጥ «አንተ» ሆነ። ልብ በይ፣ ዳዊት እዚያ ምን እንደተሰማው አልነገረንም። ወደ ማን ዞሮ እንደተናገረ ብቻ ነው የነገረን።

በቅዳሴም እንዲሁ ነው። ካህኑ «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» (እግዚአብሔር ከሁላችሁ ጋር ይሁን) ሲል «ተሰምቷችኋል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። እናንተም «ምስለ መንፈስከ» (ከመንፈስህ ጋር) ትላላችሁ፣ የተሰማውም ያልተሰማውም። አንዳንዱ ሰው ልቡ ደርቆ «ምስለ መንፈስከ» ማለት ግብዝነት ይመስለዋል። ግብዝ ማለት የሌለውን እንዳለው አድርጎ ለሰው የሚያሳይ ነው። አንቺ ግን ባዶ እጅሽን ይዘሽ ነው የቆምሽው፣ ያንንም አልደበቅሽም።

«ታዲያ ለምን አላዳነልኝም?» ለዚህ መልስ የለኝም። አለኝ የሚልሽ ሰው ካለ ተጠንቀቂው። ኢዮብም እስከ መጨረሻው «ለምን» ለሚለው መልስ አላገኘም። እግዚአብሔር ሲናገረው ጥያቄ በጥያቄ ነው የመለሰለት። ግን አንድ ነገር ታያለሽ፤ በምዕራፍ 42 እግዚአብሔር የተቆጣው በሚጮኸው በኢዮብ አይደለም። እግዚአብሔርን እየተከላከልን ነው ብለው ኢዮብን በኃጢአት በከሰሱት ወዳጆቹ ነው። እንደ ባሪያዬ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ጩኸቱ ቅን ነገር ተባለ።

ማርታና ማርያምም ለጌታ ያሉት የአንቺኑ ነው። «አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር።» ሁለቱም ይህንኑ ቃል ተናገሩ፤ በየተራ። ጌታ የወንድማቸውን የአልዓዛርን መታመም ሰምቶ ሁለት ቀን እንደቆየም ወንጌሉ አይደብቅም። ጌታ ማርታን አስተማራት፣ ከማርያም ጋር ግን አለቀሰ። አንዳቸውንም በነገሩ አልገሠጸም።

ስለዚህ የምመክርሽ ቁርጥ ያለ ነገር ይህ ነው፦ ለሚቀጥሉት ስድስት ሳምንታት ስሜትሽን መለካት አቁሚ። ጸሎትሽን አሳጥሪው፤ ግን እውነተኛ አድርጊው። ጠዋት አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» ይበቃሻል። ማታ ልጆቹ ሲተኙ መዝሙር 87ን (በሌላው አቆጣጠር 88) ድምፅሽን አውጥተሽ አንብቢ። ዳዊትን በሳምንት የምታደርሺ ከሆነ የሐሙስ ንባብ ውስጥ ነው፤ ስንት ሐሙስ አልፈሽው ይሆናል። ሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች ብዙውን ጊዜ ጫፋቸው ላይ ወደ ምስጋና ይዞራሉ። ይኼኛው አይዞርም። ወዳጆቼን ከእኔ አራቅህ ብሎ ያበቃል። ቤተ ክርስቲያን ይህን መዝሙር አልቆረጠችውም፣ መጨረሻውንም አላሳመረችውም። አንቺም አታሳምሪው። ንባቡ ሲያልቅ የራስሽን ጨምሪበት፦ ስለ ሱቁ፣ ስለ ኩላሊቱ፣ ስለዚያ ስለት። ማልቀስ ከመጣ አልቅሺ፣ ካልመጣም ዝም ብለሽ ተኚ።

ቅዳሴ አትቅሪ። ለሰዓታት መቆም ካቃተሽ ጥግ ላይ ተቀመጪ። ጸሎት ሲያቅትሽ ሌላው ይጸልይልሽ። በማርቆስ 2 ላይ አራት ሰዎች ተሸክመው በጣራ ያወረዱትን ሽባ ታስታውሺዋለሽ። ጌታ «እምነታቸውን» አይቶ ነው የሚለው፣ የተሸካሚዎቹን ጭምር። እናንተ ሰፈርም ቅሬ (እድር) አለ። የቅሬ ሴቶች ሐዘን ቤት ሲመጡ ክርስቲያንም ሙስሊምም ይመጣሉ፤ «አብሽሪ» ብለው አጠገብሽ ይቀመጣሉ። ከሰልስት በኋላ ሰው ሲቀንስ ግን አንቺ በር ዘግተሽ ይሆናል። አንዷን ምረጪና «ሐሙስ ሐሙስ መጥተሽ ቁጭ በይልኝ፣ ምክር ግን አልፈልግም» በያት። ሰው ይህን ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፤ ምን ማለት እንዳለበት ከማሰብ ይገላገላል።

ለነፍስ አባትሽም ቅሬታሽን ንገሪያቸው። ኃጢአትን ብቻ ይዞ መሄድ ለምደናል። «አባ፣ በእግዚአብሔር ላይ ተቆጥቻለሁ» ብሎ መናገርም ይቻላል። ጥሩ አባት አይደነግጡም።

ስለ ግሸን ደግሞ፦ ስለትሽ «ቢድንልኝ» የሚል ነበር። አልዳነም። እዳ የለብሽም። ከነፍስ አባትሽ ጋር ጨርሺውና አእምሮሽ ይረፍ። ከዚህ በኋላ አንድ መስከረም 21 ቀን ግሸን መውጣት ቢያምርሽ ውጪ፤ ያኔ ግን ምንም ሳትደራደሪ ሂጂ። ዘንድሮ ግን እንድትሄጂ አልመክርሽም። እንዲህ ደክመሽ በእግር ጉዞ አይታሰብም።

አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ምግብ አለመብላቱ፣ ሁሉ ነገር መሰልቸቱ ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቀጠለ የሐኪም ጉዳይ ነው። ደሴ ላይ የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል አለ፤ ከኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጠዋት ወጥተሽ ከሰዓት ትመለሻለሽ። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ለሰው ተናግረሽ ሂጂ፣ ብቻሽንም አትደሪ። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘልሽ ጸበል ጀምሬያለሁ ብለሽ እንዳታቋርጪ። ሲራክ 38ን አንብቢ፤ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰውም አይንቀውም ይላል። ጸበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠው አንዱ ነው፤ አንዱን ለመቀበል ሌላውን መጣል የለብሽም።

የምሰጥሽ ምክር የማይደርስበትን ቦታም ልንገርሽ። ስድስት ሳምንት ካለፈ በኋላ ሙቀት ይመለስልሻል ብዬ ቃል አልገባም። ለአንዳንዱ ይመለሳል፣ ለአንዳንዱ ዓመት ይፈጃል። በበረሃ የኖሩ መነኮሳትም ይህን ድርቀት ያውቁታል፤ ዕድሜያቸውን ለጸሎት የሰጡ ሰዎች ናቸው። ወደ ኤማሁስ የሚሄዱትን ሁለቱን አስቢ። መንገዱ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደሴ ተነሥተሽ ወደ ኮምቦልቻ ብትሄጂ ግማሽ መንገድ እንኳ አያደርስሽም። ያን ሁሉ መንገድ ጌታ አብሯቸው እየሄደ፣ እያወራቸው፣ አላወቁትም። የተረዱት እንጀራውን ሲቆርስ ነው። ልባቸው በመንገድ ላይ ይቃጠል እንደነበረም ያስታወሱት በኋላ ነው፣ በመንገዱ ላይ ሳሉ አይደለም።

ዘመድሽን በተመለከተ፣ መልስ መስጠት አይጠበቅብሽም። ተመልሳ ከመጣች ኢዮብ 2፥13ን አንብቢላት። ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ምንም ሳይናገሩ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ ይላል። ከዚያ ቡናውን ቅጂላት።